ለመሳሙ ስንት ይበቃል?

ውድ አዘጋጅ፣

የሉዊስ ሩቢያሌስ ነገር አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ አሁንም ያነታርከናል። የስፔን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሽልማት ላይ የስፔን ተጫዋቿን የጄኒ ኤርሞሶን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ከንፈሯን ሳማት። ሳትፈቅድ። ፊፋ ለ3 ዓመት አገደው፣ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2025 10,800 ዩሮ ቀጣው፤ ዐቃቤ ሕግ የጠየቀው ግን እስር ነበር።

አንዱ «ለአንድ መሳም ይሄ ሁሉ?» ይላል፣ ሌላው «በገንዘብ ተገላገለ»። ለእኔ እስሩ ይበዛ ነበር። እገዳው ግን ልክ ነው፤ አለቃዋ ሆኖ ነዋ የሳማት፣ ዓለም እያየ፣ ገፍትራው ብትሄድ ደግሞ ወሬው ሁሉ የእሷ ጥጋብ ይሆን ነበር። የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ማክሮንን በ2021 በጥፊ የመታው ሰውዬ 18 ወር ተፈርዶበት 14ቱ በገደብ ሆኖለታል። ጥፊና መሳም አንድ አይደሉም፣ እሺ። ግን ተመቺው ፕሬዚዳንት ሲሆን «ቀልድ ነው» የሚል ሰው ካፌያችን ውስጥ አላገኘሁም።

እኛም ጋ ፒያሳ ላይ አንዲት ተዋናይት ስታልፍ ለሰልፊ ብሎ ወገቧን የሚያቅፍ ሞልቷል፣ የጋራ ንብረት ይመስል። ወህኒ ይውረድ አልልም። ይቅርታ ይጠይቅ፣ ካልገባው ኪሱ ይነካ፤ ከደገመው ግን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያስረዳ።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ