ለወላጆች፦ በእንግሊዝኛ ሳያልቅ ስለሚዘጋ ዓረፍተ ነገር

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የልጆቻችሁን የእንግሊዝኛ ድርሰት ስናርም አንድ ስህተት ደጋግሞ ይገጥመናል። ልጁ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» (ስለዘነበ) ብሎ ይጽፍና ነጥብ ያደርጋል። ስለዘነበ ምን ሆነ? አልተነገረንም።

«ኢት ሬይንድ» (ዘነበ) ለብቻው ቢሆን ሙሉ ነው። ባለቤት አለው፣ ግስ አለው፣ ሐሳቡም ያልቃል። ክሎዝ ማለት ባለቤትና ግስ ያለው የቃላት ስብስብ ነው፤ ራሱን የቻለ ክሎዝ የሚባለው ይሄ ነው። ፊቱ ላይ «ቢኮዝ» ሲገባ ግን ጥገኛ ይሆናል፤ የሚደገፍበት ሌላ ክሎዝ ይፈልጋል። «ኢፍ» (ከሆነ) እና «ኦልዞው»ም (ምንም እንኳ) እንዲሁ ያደርጉታል።

ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። በአማርኛ ጥገኝነቱ ግሱ ላይ ይታያል። «ዘነበ» እና «ስለዘነበ»ን ጆሯችን ወዲያው ይለያቸዋል። በእንግሊዝኛ ግን «ሬይንድ» እንዳለ ነው፤ ምልክቷ «ቢኮዝ» ከባለቤቱ በፊት ለብቻዋ ትቆማለች። ዓረፍተ ነገሩ ረዘም ካለ ልጁ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይረሳታል።

«ኦልዞው» ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ኦልዞው ሂ ወዝ ታየርድ፣ በት ሂ ወርክድ» (ምንም እንኳ ቢደክመውም፣ ግን ሠራ) ብለው የሚጽፉ ልጆች አሉን። ከሁለቱ አንዱ ይበቃል፤ «ኦልዞው» ካለ «በት» ይውጣ።

እንግሊዝኛ ባትችሉም ማገዝ ትችላላችሁ። ልጁ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፣ ነጥብ ባለበት ሁሉ ይቁም፣ ያነበበውንም በአማርኛ ይንገራችሁ። «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚያሰኛችሁ ከሆነ አላለቀም ማለት ነው። መልሱን ግን እናንተ አትስጡት። ብዙ ጊዜ የጎደለው ክሎዝ እዚያው ቀጥሎ ተቀምጧል፦ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ. ዊ ስቴይድ አት ሆም.» (ስለዘነበ። ቤት ቀረን።) የመጀመሪያውን ነጥብ በኮማ ቀይሮ ሁለቱን ማያያዝ ነው። ጥገኛው ወደ ኋላ ከሄደ ደግሞ፣ «ዊ ስቴይድ አት ሆም ቢኮዝ ኢት ሬይንድ» ሲል፣ ኮማውም አያስፈልግም።

የክሎዝን ትርጉም በቃል ማሸምደድ ብዙም አይረዳም ብለን እናምናለን። ስለዚህ መምህራኖቻችን ከእንግዲህ ጥገኛውን ክሎዝ አስምረውበት ብቻ ያልፋሉ፤ የሚያስተካክለው ልጁ ራሱ ነው። ደብተሩ ላይ መስመር እንጂ እርማት ካላያችሁ መምህሩ ዘንግቶ አይደለም። ልጁ አስተካክሎ እስኪጽፈው ጊዜ ስጡት፤ ካቃተው የእንግሊዝኛ መምህሩን አነጋግሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር