ሸፈንኩት እንጂ አላጠፋሁትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከ20 ዓመት በላይ በቀለም ቅብ ሥራ የኖርኩ ነኝ። ይህን የምጽፈው የቀባሁት አንድ ወለል ከሕሊናዬ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ቤቱ አሮጌ ትራንስፎርመር የሚጠገንበት ነበር። ኮንክሪቱ ላይ የዘይት ዕድፍ ተኝቷል። «አጥበህ ቀባበት» አሉኝ። አጠብኩት፤ ሲደርቅ ነጣ። በሳምንቱ ዕድፉ በዚያው ቅርጹ ተመልሶ ጠበቀኝ። ኮንክሪት ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ ላዩን ብታጥበው ከሥር ቀስ እያለ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ካጠብኩ በኋላ ግራጫ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሲደርቅ የሚጠነክር የወለል ቅብ፣ ደፋሁበት። አማረ፤ ተመሰገንኩም። የድሮ ትራንስፎርመር ዘይት ፒሲቢ የሚባለው መርዝ ሊኖርበት እንደሚችል የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ስመለስ፣ እግር የሚበዛበት ቦታ ላይ ቅቡ ተልጦ አንድ ወጣት አፉን ሳይሸፍን በግራይንደር ይፍቀዋል። አቧራው ፀጉሩ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ ምን እንዳለ በምን ይወቅ? የትም አልጻፍኩለትም።

በኋላ ያነበብኩት የአሜሪካ ደንብ አንገቴን አስደፋኝ። ፒሲቢ የፈሰሰበትን ኮንክሪት ባለበት ለመጠቀም ውሃም ሌላ አሟሚ ፈሳሽም የማይበግረው ሽፋን ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ የሁለቱ ቀለም ግን መለያየት አለበት። የላዩ ሲያልቅ የሥሩ ብቅ ብሎ ይናገራል። የማስጠንቀቂያ ምልክትም ይደረግበታል። ያን ጊዜ ከግራጫው ሥር ቀይ ቀብቼ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ቆም ብሎ ይጠይቅ ነበር። የጎደለው አንድ ቆርቆሮ ቀለም ነው!

ሽፋንና ማክሸፊያ ይለያያሉ። መርዙን በእርግጥ የሚያፈርሱ አሉ፤ የአሜሪካው ናሳ ያሠራው በማግኒዚየም የሚሠራ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠፍ ውህድ ከአሮጌ ቀለም ውስጥ ፒሲቢውን ክሎሪኑን ነጥቆ ይሰብረዋል። ተቀብቶ ሲደርቅ እንደ ቆዳ የሚላጥ ጄልም አለ፤ ላዩ ላይ ያገኘውን ይዞ ይነሳል፣ የተላጠው ግን ራሱ መርዛማ ቆሻሻ ነውና እንደ ተራ ጥራጊ አይጣልም። ተራ ኢፖክሲ አያፈርስም፣ ይዞም አይነሳም። ያግዳል ብቻ፤ ይባስ ብሎ ፒሲቢው እየሰረገ ወደ ቅቡ ይገባል።

መርዛማ ኬሚካሎችን ለማስወገድ አገሮች የገቡት የስቶክሆልም ስምምነት ፒሲቢ ያለባቸው መሣሪያዎች እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት እንዲወጡ ይላል። መሣሪያው ቢወጣም ወለሉ እዚያው ነው።

አሠሪዎች ሆይ፣ ቀለም ቀቢ ስትጠሩ ወለሉ ላይ ምን ፈስሶ እንደነበር አስቀድማችሁ ንገሩን። እኔ አሁን ሳይነገረኝ ብሩሽ አላነሳም። ከሥር ቀይ እቀባለሁ፤ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይም ምን እንደተሸፈነና መቼ እንደተሸፈነ በማይለቅ ቀለም እጽፋለሁ።

አንድ ቀለም ቀቢ