ፀረ አረም የሚቋቋም ማሽላ ለወሎ ማሳ አይበጅም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከባክቴሪያ በተወሰደ ዘረመል ፀረ አረም እንዲቋቋሙ ስለተደረጉ ሰብሎች በተነሳ ቁጥር፣ ወሬው ‹‹ባክቴሪያ ሊያበሉን ነው›› ከሚለው ስጋት አያልፍም። እኔ በቃሉ ወረዳ ማሽላ ከሚያርስ ቤተሰብ የተወለድሁ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ፤ ስጋቴ ከዚህ የተለየ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

ግላይፎሴት የተባለው ፀረ አረም ተክልን የሚገድለው ለዕድገቱ የግድ የሚያስፈልገውን አንድ ኢንዛይም ሥራ በማስቆም ነው። አግሮባክቴሪየም ከሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዱ ግን መድኃኒቱ የማይበግረው የዚሁ ኢንዛይም ዓይነት ስላለው፣ ተመራማሪዎች ዘረመሉን ወስደው በአኩሪ አተር ውስጥ አስገቡት፤ ሰብሉም እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ መዘራት ጀመረ። ዘረመሉ ከባክቴሪያ መምጣቱ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይመስለኝም።

የሚያስጨንቀኝ ማሳችን ነው። ኢትዮጵያ ማሽላ በዓይነት ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ የዱር ማሽላ ዛሬም በእርሻችን ውስጥና ዳር እየበቀለ ከምንዘራው ጋር ይዳቀላል። የምንዘራው ማሽላ መድኃኒት የሚቋቋምበትን ዘረመል ከያዘ፣ ዘረመሉ ወደ ዱር ማሽላው መሻገሩ አይቀርም፤ ያን ጊዜ በመድኃኒት የማይሞት፣ ፍሬውም ሳይታጨድ የሚረግፍ አረም በገዛ እጃችን አበቀልን ማለት ነው። በአሜሪካ አኩሪ አተር የሚዳቀለው የዱር ዘመድ በአካባቢው ሳይኖር እንኳ፣ ያንኑ መድኃኒት ደጋግሞ በመርጨት ብቻ ግላይፎሴት የማይገድላቸው አረሞች እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ታይተዋል።

አዘራራችንም ይታሰብ። በእኛ ዘንድ በማሽላው መካከል ማሾ ወይም ቦሎቄ የሚዘራ ገበሬ አለ፤ በሽልሻሎ ጊዜ የሚነሳው ቡቃያና የሚታረመው ሣርም ለከብት ይቀርባል። መድኃኒቱ ማሽላውን ቢምር ማሾውን አይምርም፤ ነፋስ ከወሰደው ደግሞ የጎረቤትን ጤፍ ያደርቃል።

የአቀንጭራ ነገር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይህ ጥገኛ አረም ከመሬት ሳይወጣ የማሽላውን ሥር ይዞ ስለሚመጥጥ፣ ብቅ ሲል ቢነቅሉት ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ አቀንጭራውን ገና ከመሬት በታች ሳለ እንዲገድለው ፀረ አረም የሚቋቋም ማሽላ ይምጣልን የሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። የእናቴን ማሳ አቀንጭራ ሲያከስመው አይቻለሁ። ሆኖም ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታን እ.ኤ.አ. በ2009 ለዓለም የምግብ ሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች አንዱ፣ ማሽላን ከማሽላ በማዳቀል አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ማውጣታቸው ነው። ገንዘባችንም ጉልበታችንም እንዲህ ያለውን ዘር ለገበሬው በማድረስ ላይ ቢውል እመርጣለሁ።

የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ልውጥ ሕያዋን፣ ማለትም ዘረመላቸው በሰው የተለወጠ ሕያዋን፣ ከመለቀቃቸው በፊት ሊያደርሱት የሚችሉት ጉዳት እንዲገመገም ይጠይቃል። ፀረ አረም የሚቋቋም ማሽላ ፈቃድ ቢጠየቅበት፣ ግምገማው እስከ ወሎ ማሳ ወርዶ የዱር ማሽላውን እንዲቆጥር፣ ገበሬውንም ከውሳኔው በፊት እንዲጠይቅ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች በጋዜጣችሁ በኩል እማጸናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ