ኩላሊት ለሰጣችሁን፣ ልትሰጡን መጥታችሁ ላልሆነላችሁ፣ «አልችልም» ላላችሁንም

ይህን የምስጋና መልእክት የምንጽፈው ኩላሊት የተቀበልን፣ ኩላሊት የሰጠንና ሁለቱን ያስታመምን ቤተሰቦች በአንድነት ሆነን ነው። ንቅለ ተከላ በተሳካ ቁጥር ስማቸው የሚነሳው ሰጪውና ቀዶ ሐኪሙ ናቸው፤ ይገባቸዋል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን አንድ ኩላሊት ከሰው ወደ ሰው እስኪያልፍ ድረስ የብዙ ሰው ድካምና የብዙ ሰው እውነተኛ ቃል አለበት። የሁላችሁም ውለታ አለብን። ዛሬም በየቤቱ «ልስጥ ወይስ ልተው?» እያለ የሚጨነቅ ወንድም፣ እህት፣ እናትና አባት ስላለ፣ የምናመሰግነው የምናውቀውን ጭምር እየነገርን ነው።

በቅድሚያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከልን ላቋቋማችሁና ላቆማችሁ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ማዕከሉ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ድጋፍ ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ዕጣው በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል፣ ከእጥበት ማሽን ጋር መዋል ነበር፤ አለዚያም ንብረቱን ሸጦ፣ ሰው አዋጥቶለት፣ ለጋሹን ይዞ ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር መሄድ። አገር ውስጥ የሚተከለው ኩላሊት በሕይወት ካለ ዘመድ የሚገኝ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው አብሮ ለሚበላ፣ አብሮ ላደገ ሰው ስለሆነ መልሱ ይከብዳል። ይህን ክብደት ተሸክማችሁ ሆስፒታል ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

ተመርምራችሁ «አይሆንም» የተባላችሁ ዘመዶቻችን፣ ምንም እንዳላደረጋችሁ አትቁጠሩት። ከእናንተ ብዙዎቹን የመለሳቸው የመጀመሪያው በር፣ የደም ዓይነት፣ ነው። ኦ ለሁሉም ይሰጣል፤ ኤቢ ከሁሉም ይቀበላል፤ ኤ ለኤና ለኤቢ፣ ቢ ለቢና ለኤቢ ይሰጣል። ከደም ዓይነቱ ጎን የሚጻፈው ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ለኩላሊት አይቆጠርም። «እኔ ነጌቲቭ ነኝ፣ አልሆንም» ብሎ ሳይመረመር የሚቀር ሰው እንዳይኖር ይህን ደግመን እንናገራለን።

ቀጥሎ የቲሹ ምርመራ፣ የሁለቱ ሰዎች የሰውነት ሴሎች ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ የሚታይበት፣ ይመጣል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ሰዎች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ፣ በግማሽ የመመሳሰል ከአራት ሁለት፣ ጨርሶ ያለመመሳሰል ደግሞ ከአራት አንድ ነው። ወላጅ ከልጁ ጋር ቢያንስ በግማሽ ይመሳሰላል። የዛሬ መድኃኒቶች ብርቱ ስለሆኑ አለመመሳሰል ብቻውን አይከለክልም። የሚከለክለው ክሮስማች የሚባለው ነው። የታማሚው ሴረም (ሴሎቹ የተለዩለት የደሙ ፈሳሽ) ከለጋሹ ነጭ የደም ሴሎች ጋር ይቀላቀላል፤ የታማሚው ደም ውስጥ እነዚያን ሴሎች የሚያጠቃ አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመከላከል የሚሠራው) ካለ ውጤቱ ፖዘቲቭ ይሆናል። በዚያ ላይ ቢተከል ኩላሊቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አንቲቦዲው የሚመጣው ደም ከመውሰድ፣ ከእርግዝናና ከቀደመ ንቅለ ተከላ ነው። የወለደች ሴት ስትታመም ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ ልስጥ ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ይኸው ነው፤ ሰውነቷ በእርግዝና ወቅት ሕፃኑ ከአባቱ የወረሰውን እንደ ባዕድ አውቆ አንቲቦዲ ሠርቶበት ይሆናል። እዚህ ላይ ማንም ጥፋት የለበትም፣ ማንም ፍቅር አላነሰውም። ክሮስማቹ ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ቀደም ብሎ እንደገና ስለሚሠራ፣ አልጋ ከተያዘ በኋላም «ቆይ» ሊባል እንደሚችል ቤተሰብ ከወዲሁ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

የእጥበት ክፍል ነርሶችን በዚሁ ምክንያት ለይተን እናመሰግናለን። ደም ማነስ ሲያስቸግር ወዲያው ደም ከመስጠት ይልቅ ደም እንዲመረት የሚያግዘው የኤሪትሮፖይቲን መርፌና አይረን (የብረት ማዕድን) ቀድሞ እንዲሞከር የምትወተውቱት እናንተ ናችሁ። ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ደም መስጠት ግድ ነው፤ አለዚያ ግን ያለ ግድ የገባ እያንዳንዱ ከረጢት ደም ነገ የሚሰጠውን ወንድም ሊያሳጣ ይችላል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠሩም የምትነግሩን ቀላል የምትመስል መመሪያ ስንት ሰው እንዳተረፈች ልናስታውሳችሁ እንወዳለን። የለጋሹ ኩላሊት ደምን የማጣራት አቅም የሚለካበት የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠዋት የተነሱበት የመጀመሪያው ሽንት ይደፋል፣ ሰዓቱም ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት የሚሸናውን የመጨረሻውን ጨምሮ፣ በተሰጠው ዕቃ ይጠራቀማል፤ ዕቃው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። አንዱ እንኳ በመንገድ ወይም በመሥሪያ ቤት ቢቀር የኩላሊቱ አቅም ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል፣ ጤነኛ ሰው ሊመለስ ይችላል። የመጀመሪያው ሳይደፋ ከተጀመረ ደግሞ አቅሙ ከእውነቱ በልጦ ይታያል፤ ይህኛው ይብሳል፣ መስጠት የሌለበትን ሰው ሊያሳልፍ ይችላልና። የማጣራት አቅሙ በደቂቃ 90 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በዚህ በኩል ያልፋል፤ ከ60 በታች የሆነ አይሰጥም፤ በመካከል ያለው ዕድሜውና ሌላው ጤንነቱ ተመዝኖ ይወሰናል። ደም ግፊት በተለያየ ቀን እየተደጋገመ ይለካል። ስኳር፣ ልብ፣ ሳንባ፣ የጉበት ቫይረሶች፣ ኤች አይ ቪ፣ ሁሉም ይታያሉ። ግፊት ወይም ስኳር እንዳለበት በዚህ ምርመራ ያወቀና ሕክምና የጀመረ ለጋሽ አለ፤ ሊሰጥ መጥቶ ራሱን አተረፈ።

መጨረሻ ላይ የሚመጣው ሲቲ ስካን ወደ ኩላሊቶቹ የሚገቡትን ደም ቅዳ ሥሮች ይቆጥራል። አንዱ ኩላሊት ሁለት ወይም ሦስት ደም ቅዳ ሥር ሊኖረው ይችላል፣ ስፌቱንም ያከብደዋል። የግራው ደም መልስ ሥሩ ረዘም ስለሚል ቀዶ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ግራውን ይመርጣሉ። ከሁሉ በላይ የምናከብረው ሕግ ግን ሁለቱ ኩላሊቶች እኩል ካልሆኑ የተሻለው ለሰጪው ይቀራል የሚለው ነው። ይህን ሕግ የምትጠብቁ ሐኪሞች፣ የለጋሾች ቤተሰቦች ለዘላለም ያመሰግኗችኋል።

አሁን ደግሞ «አልችልም» ላላችሁን።

ምናልባት ምስጋና ሳይሆን ወቀሳ ትጠብቁ ይሆናል። ከልባችን ግን እናመሰግናችኋለን። በጊዜ የተነገረ «አልችልም» ሌላ ሰው ለመመርመር ወራት ይሰጣል። አፍ አውጥቶ መናገር አቅቶት ቀጠሮ እያሳለፈ፣ ስልክ እየዘጋ የሚቆይ ዘመድ ግን ታማሚውን በማይጨበጥ ተስፋ ያስቀምጠዋል፣ ራሱም ይሰቃያል። ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ በጉልበቱ ሥራ የሚተዳደር፣ ቀዶ ሕክምና አጥብቆ የሚፈራ ሰው አለመስጠቱ ክፋት አይደለም። ለጋሹን ከቤተሰቡ ነጥላችሁ ለብቻው የምታነጋግሩ የማኅበራዊ ጉዳይና የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም እጅግ እናመሰግናለን። «ማን ግፊት አደረገብህ? ቃል የተገባልህ ነገር አለ? ባትሰጥ ምን ይደርስብሃል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ለጋሹ ካላመነበት እናንተ ለቤተሰቡ የምትናገሩት «ለጋሽ ሊሆን አይችልም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ከእናንተ አይወጣም። ማደንዘዣ እስኪወስድ ድረስ ሐሳቡን መለወጥ እንደሚችል ነግራችሁ የምትሸኙት ሰው፣ ሲሰጥም በሙሉ ልቡ ይሰጣል።

አደጋውን ሳትሸሽጉ ለነገራችሁን ሐኪሞችም ምስጋናችን ይድረሳችሁ። በአሜሪካ የብዙ ዓመታት መዝገብ ላይ በተሠራ ጥናት፣ ኩላሊት ሲሰጡ በቀዶ ሕክምናው ሳቢያ ሕይወታቸው ያለፈ ከ10,000 ለጋሾች ሦስት ያህል ነበሩ። ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በዕድሜ ዘመን ሙሉ የራሱ ኩላሊት የሚደክምበት ለጋሽ ከ10,000 ውስጥ 90 ያህል እንደሚገመት፣ እንደ እነርሱ ጤነኛ ሆነው ካልሰጡት ደግሞ 14 ያህል እንደሆነ አሳይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። መውለድ የምታስብ እህትም ልታውቀው የሚገባ አለ፦ በካናዳ በተደረገ ጥናት በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊት ወይም ፕሪኤክላምፕሲያ (ከደም ግፊት ጋር ኩላሊትንና ሌሎች አካላትን የሚጎዳ የእርግዝና ሕመም) የገጠማቸው ለጋሾች ከ100 ውስጥ 11 ያህል፣ ካልሰጡት ደግሞ 5 ያህል ነበሩ። አብዛኞቹ በሰላም ይወልዳሉ፤ ክትትሉ ግን ከመጀመሪያው ወር ይጀምር። በሌላው በኩል፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ውስጥ በዶክተር ጆሴፍ መሬይ እጅ ለመንትያ ወንድሙ ኩላሊት የሰጠው ሮናልድ ሄሪክ ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ኖሯል። ሁለቱንም ሰምቶ የወሰነ ሰው ነው ለጋሽ የሚባለው።

ወደ ሰጣችሁን ስንመጣ ቃል ያጥረናል። እናንተ ጤነኛ ሆናችሁ ገብታችሁ ቁስለኛ ሆናችሁ ወጣችሁ። አስታማሚው ሁሉ ወደ ተቀባዩ አልጋ ሲሮጥ የእናንተ አልጋ ዳር የቀረበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ሁለት አስታማሚ አዘጋጁ እንላለን፣ ለለጋሹ አንድ፣ ለተቀባዩ አንድ። ለጋሹ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ቤቱ ይገባል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ግን ከባድ ዕቃ አያነሳም፣ ውኃ አይቀዳም፣ ጆንያ አይሸከምም። የቀረው ኩላሊት በወራት ውስጥ ገዘፍ ብሎ ሥራውን ያሰፋል፤ ሁለቱ በአንድነት ይሠሩት ከነበረው ከመቶ ከ65 እስከ 70 እጁን ይዞ ይቀጥላል። ክሬቲኒናችሁ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ከድሮው ከፍ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ፣ የሚጠበቅ ነው፤ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን ለሐኪም ይነገር።

ለለጋሾች የትራንስፖርት፣ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ የሸፈናችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ቦታቸውን ይዛችሁ ደመወዛቸውን ሳትቆርጡ የጠበቃችሁ አሠሪዎች፣ ተባረኩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኢስታንቡል መግለጫ የአካል ክፍል ንግድን ሲያወግዝ፣ የለጋሹን ትክክለኛ ወጪ መተካትን ግን ከዋጋ አይቆጥረውም። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ለጋሹ በመስጠቱ ደሃ እንዳይሆን መርዳት ይገባል፤ ኩላሊቱን መግዛት ግን ወንጀልም ነውርም ነው። በችግሩ የተገዛ ሰው ሕመሙን ደብቆ ይመረመራል፣ ነገም የሚከታተለው የለም።

ለፋርማሲ ባለሙያዎች። ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚከላከለው ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ እንደሚወሰድ፣ የደም መጠኑ በሚለካበት ቀን የጠዋቱ ኪኒን ደሙ ከተቀዳ በኋላ እንደሚዋጥ፣ ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬ መድኃኒቱን በደም ውስጥ ከልክ በላይ እንደሚያከማቸው የነገራችሁን እናንተ ናችሁ። ኪኒን ማቋረጥ የተሰጠን ኩላሊት ይገድላል። «ጾሙን እግዚአብሔር ያውቅልሃል፣ መድኃኒትህን በሰዓቱ ውሰድ» ያላችሁን የነፍስ አባቶች፣ በረመዳን ከሐኪም ጋር ተማከሩ ያላችሁን ሼኮች፣ እናንተም የኩላሊቱ ጠባቂዎች ናችሁ። ጠበል የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

ውድ ለጋሾቻችን፣ የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ቀርቷል። ተቀባዩ በየወሩ ሐኪም ዘንድ ሲመላለስ እናንተ «እኔማ ደህና ነኝ» ብላችሁ ትቀራላችሁ። በየዓመቱ አንድ ቀን ደም ግፊታችሁን፣ ክሬቲኒናችሁን፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን አስመርምሩ። ጥርስም ወገብም ሲያማችሁ ክሊኒኩ ዳይክሎፌናክ መርፌ ወይም አይቡፕሮፌን ከማዘዙ በፊት «ያለኝ አንድ ኩላሊት ነው» በሉ፤ ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላችኋል። ምን እንዳለበት የማይታወቅ የባህል መድኃኒት አትጠጡ። በምርመራው ቀን አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካስፈለገ፣ ንገሩን፤ እንመጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የተቀባዮች፣ የለጋሾችና የአስታማሚዎች ቤተሰቦች