ከረጅም ዝምታ በኋላ፣ ስለ ዳግማዊ ዮሴፍ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም፤ ሥራና ቤት ሲያዋክቡኝ ደብዳቤው ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመታት ነጎዱ። ሰሞኑን የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ ዮሴፍን ታሪክ ሳነብ ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከርበት ጥያቄ ተቀሰቀሰብኝ፤ ለውጥ ከዙፋን ይወርዳል ወይስ ከሕዝብ ይነሣል?

እናቱን ታውቂያታለሽ፤ አያቶቻችን ይገበያዩበት በነበረው ጠገራ ብር ላይ መልኳ የተቀረጸው ማሪያ ቴሬዛ ናት። ብሩ ላይ የሚነበበው 1780 እርሷ ያረፈችበት፣ ልጇም ብቻውን መግዛት የጀመረበት ዓመት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ዮሴፍ የአብርኆት ዘመን፣ ማለትም አእምሮ ከልማድ ይቅደም የተባለበት የአውሮፓ 18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሰው ነበር። ንጉሥ የመንግሥቱ አገልጋይ ነው፣ ሕግም በአእምሮ መመዘን አለበት የሚለውን ሐሳብ ከልቡ ተቀበለ። በ1781 ፕሮቴስታንቶችና ኦርቶዶክሶች እንደየእምነታቸው እንዲያመልኩ ፈቀደ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ የቪየና አይሁዶች ትምህርት ቤት እንዲገቡና የእጅ ሙያ እንዲማሩ። በዚያው በ1781 የቦሄሚያና የሞራቪያ (የዛሬዋ ቼክ አገር) ገባር ለጌታው አሳውቆ ብቻ እንዲያገባ፣ መሬቱን ለቆ መሄድ እንዲችል፣ የወደደውን ሙያ እንዲይዝ አወጀ። ከመሬቱ ጋር ተቆራኝቶ ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አላስረዳም።

የሬሳ ሳጥኑን ነገር ግን ልንገርሽ። በ1784 ሟች በጨርቅ ከረጢት ተሰፍቶ፣ ከሥሩ በሚከፈትና ለብዙ ሰው በሚያገለግል ሳጥን ወደ መቃብር እንዲወርድ አዘዘ። እንጨት ይተርፋል፣ አስከሬኑም ቶሎ አፈር ይሆናል፤ ስሌቱ እንከን የለውም። ሕዝቡ ወላጆቹን እንዲህ አልቀብርም ብሎ ተነሣና ትእዛዙ በ1785 ተሻረ። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ አሰብኩ። ሰውየው ጨካኝ አልነበረም፤ ገባሩን የፈታው እጅ ነው ይህንንም የፈረመው። ሐዘንተኛውን አንድ ቀን እንኳ ቢጠይቀው ኖሮ!

የ1787ቱ የወንጀል ሕግም ልቤን ሰንጥቆታል። እንደ ጣሊያናዊው ቤካሪያ ያሉ አሳቢዎች ሲሟገቱለት የነበረውን ተቀብሎ፣ ከመደበኛው ዳኝነት የሞት ቅጣትን አስወጣ። በምትኩ ግን ከባድ ወንጀለኞች በዳኑብ ወንዝ ዳር ጀልባ እንዲጎትቱ ተደረገ፤ ብዙዎቹም እዚያው አለቁ። ሰይፍ ያልነካው ሞት ሞት መሆኑ መች ቀረ?

በ1789 ገበሬው ከምርቱ 70 በመቶውን ለራሱ እንዲያስቀር፣ የሁዳዱም ሥራ በገንዘብ እንዲተካ ሲያውጅ መኳንንቱ አመረሩ። በግዛቱ ሥር የነበረው ቤልጂክ አመፀ፤ የጀርመንኛ የሥራ ቋንቋነት በግድ የተጫነባት ሀንጋሪም ልትነሣ ደረሰች። በጥር 1790 በሀንጋሪ ያወጣቸውን አብዛኞቹን አዋጆች በገዛ እጁ ሻረ፤ የእምነት ነጻነቱንና የገባሮቹን ነገር ግን አልነካም። በየካቲት በ48 ዓመቱ ሞተ። ያንን የ1789ኙን የገበሬ ግብር አዋጅ በዙፋኑ የተተካው ወንድሙ ሊዮፖልድ ሰረዘው፤ ከጌታው የተፈታው ገባር ግን ዳግም አልታሰረም።

ስለዚህ እኔ ዛሬም ከዙፋን የሚወርድ ለውጥ እውነተኛ ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ። ዮሴፍን የጣለው የሐሳቡ ስሕተት አይመስለኝም፤ ሀንጋሪውንም ቤልጂጉንም ምክር ሳይጠይቅ መሄዱ ነው። አንቺ ያኔ በብርቱ ትቃወሚኝ ነበር። አሁንስ? እንደ ድሮው ሳትራሪ ጻፊልኝ፤ መልስሽን በናፍቆት እጠብቃለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወጂኝ ጓደኛሽ