በሶስት ቀን ሮም፡ የኛንም ቦታዎች ጨምሩበት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። በጉዞ አምዳችሁ ስለ ሮም የሶስት ቀን ጉብኝት ያወጣችሁትን እዚህ ጅማ እኔም ባለቤቴም አንብበነዋል፣ እኛም በጥቅምት ለመሄድ እየተዘጋጀን ስለሆነ ቃል በቃል ነው ያነበብነው ማለት ይቻላል። ኮሎሲየሙ አለ፣ ቫቲካን አለ፣ ትሬቪ ፏፏቴ አለ፣ ሁሉም ደህና ነው ግን ስጨርሰው ከፋኝ። ከየትም አገር ለሚመጣ ቱሪስት የተጻፈ ነው እንጂ የኛ ሰው እዛ ከተማ ላይ ምን ታሪክ እንዳለው አንድ መስመር እንኳን የለበትም። ኢትዮጵያዊ ሮም ድረስ ሄዶ አበበ ቢቂላ የሮጠበትን ሳያይ ከተመለሰ ምኑን አየው?

እስኪ አስቡት፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፣ ነገ እንቁጣጣሽ ነው፣ ማራቶኑ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ስር ይነሳና ከተማውን ወጥቶ ዞሮ በጥንቱ በአፒያ መንገድ ይመለሳል፣ ሲመለሱ መሽቶ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው ነው መንገዱን ያበሩላቸው፣ መጨረሻው ደግሞ ኮሎሲየሙ አጠገብ ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው። አበበ በባዶ እግሩ በ2 ሰአት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የአለም ሪከርድ ሰብሮ ገባ። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ብዙ ርቀት ሮጠው ጥሎት የሄደው የት ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአክሱም ሐውልት አጠገብ! ሐውልቱ ያኔ ገና እዛው ነበር፣ ሞሶሊኒ ዘርፎ አስመጥቶ በጥቅምት 1930 ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ ላይ ያስቆመው፣ ፊት ለፊቱ የነበረው የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ህንጻ ዛሬ የተባበሩት መንግስታት የምግብና እርሻ ድርጅት የፋኦ ዋና መስሪያ ቤት ነው። 24 ሜትር የሚረዝመው ድንጋይ ሶስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን በሚያዝያ 1997 አገሩ ገባ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2000 አክሱም ላይ ተመርቋል። እንግዲህ የዛሬ ጎብኚ ሐውልቱን እዛ አያገኘውም፣ እኔ ግን ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ፣ የተወሰደብንን ያስመለስንበት ቦታ ነው። ከኮሎሲየሙ በሜትሮ ቢ መስመር አንድ ፌርማታ ነው፣ ቺርኮ ማሲሞ ላይ መውረድ ነው፣ በእግርም ቢሆን ቅርብ ነው። ስለዚህ ኮሎሲየሙን ጠዋት ያየ ሰው ቅስቱን፣ ፖርታ ካፔናን ከዛ ካምፒዶሊዮን በዛው ቀን ይጨርሳል፣ ተጨማሪ ወጪም የለውም።

ሌላው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነው። ከኤርፖርት በባቡር የሚመጣ ብዙ ሰው እዛ ነው የሚወርደው፣ ፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ አደባባይ የአምስቱ መቶዎች አደባባይ ይባላል፣ አምስት መቶዎቹ ደግሞ በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው እዛው ቅርብ ነው፣ ጥንታዊ የግብጽ ሐውልት ላይ የተሰራ። ዘርአይ ደረስ በሰኔ 1930 ጎራዴውን መዞ የተጋደለውም በዚሁ መታሰቢያ ዙሪያ ነው፣ ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳም ያኔ እዛ ነበር፣ አሁን ተመልሶ ለገሃር ፊት ለፊት ቆሟል። ሻንጣውን እየጎተተ በዚህ አደባባይ የሚያልፍ የኛ ሰው ይሄን አውቆ ቢያልፍ ምን አለበት? እኛ ጅማዎች ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይነካናል፣ ከተማችን በወረራው ጊዜ የአንድ ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ ተደርጋ ነበር፣ የጣሊያን ጊዜ ቤቶችን እያየን ነው ያደግነው፣ እና ትእዛዙ ይመጣበት የነበረውን ከተማ በራሳችን እግር፣ በራሳችን ገንዘብ፣ እንግዳ ሆነን ማየት ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ቫቲካንን በተመለከተ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተክርስቲያን አለ፣ ከ500 አመት በፊት ከኢትዮጵያ በእግርና በመርከብ የመጡ መነኮሳት ያረፉበት ነው፣ የግእዝ አዲስ ኪዳንን እዛው ሮም ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮንም እዛ ነበሩ። ከዛም በፊት በፈረንጆቹ 1513 በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ የታተመው ሮም ላይ ነው። እኛ ቤት ሙስሊሞች ነን፣ ግን ፊደሉ የሁላችንም ነው፣ ይሄን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም በሱ ነው። ቤተክርስቲያኑ ከቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም፣ የአትክልት ስፍራውን ጉብኝት ቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ባዚሊካው መግቢያው ነጻ ነው፣ ትከሻና ጉልበት ግን መሸፈን አለበት፣ ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ቦርሳ ውስጥ ቢይዙ አይቸገሩም። ሮም ላይ በ1987 የተከፈተ ከአውሮፓ ትላልቆቹ አንዱ የሆነ መስጊድም አለ፣ ጽሁፋችሁ እሱንም ዘሎታል፣ አርብ ለሚያገኘው ሰው ግን ቦታው መታወቅ አለበት።

ፓንቴዮን፣ ናቮና፣ ትሬቪ ሁሉም ተቀራርበው ያሉ ስለሆኑ አንድ ማታ በእግር ይበቃቸዋል። ቡና ስትጠጡ ደግሞ ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፣ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣና፣ ጽሁፋችሁ "ቲኬት ቆርጦ መሄድ ነው" ይላል፣ ለኛ እንደዛ አይደለም። የአውሮፓ ህብረት በሚያዝያ 2016 በኢትዮጵያውያን ላይ ባወጣው ውሳኔ ጣሊያንም የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ሄዷል፣ ብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛም እንዳይሰጥ ተብሏል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። ከ30 ሺህ ዩሮ ያላነሰ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ከመስሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ፣ የሆቴል ቡኪንግ፣ ይሄ ሁሉ አለ፣ በዛ ላይ ለአሻራ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው፣ ከአባ ጅፋር ኤርፖርት በአውሮፕላን ወይ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ የክፍለ ሀገር ሰው ይሄንንም በጀቱ ውስጥ መክተት አለበት። ማመልከቻውን ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፣ ስለዚህ ለጥቅምት የሚያስብ ሰው በሰኔ ቢጀምር ነው የሚሻለው። ሆቴሉንም ሲሰርዙት ገንዘብ የማይቆርጠውን አይነት ይያዙ፣ የአውሮፕላኑን ቲኬት ቪዛው ሳይመታ ከፍሎ መጨረስ አይገባም። የኮሎሲየም ትኬት ደግሞ በስም ነው የሚሸጠው፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ያስተያዩታል፣ እና የአባትና የአያት ስም አንድ ፊደል ሳይቀየር ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይሞላ።

ከናንተ የምጠይቀው ይሄን ነው። አምዱን እንደገና ስትሰሩት የአበበን መንገድ ከካምፒዶሊዮ እስከ ቅስቱ በካርታ ስላችሁ አውጡልን፣ ፖርታ ካፔናን፣ የዶጋሊውን መታሰቢያና የቅዱስ እስጢፋኖስን ቦታ ምልክት አድርጉበት፣ የሜትሮ ፌርማታዎቹንም በአማርኛ ጻፉልን። እኛ ቆርጠን ይዘነው እንሄዳለን።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከጅማ