ጉሎና ቅንጭብ ከውሾቻችን ይራቁ

ውድ የጅማ አባላት፣

ዝናቡ ሲበረታ ጉሎ ሳይዘሩት አጥር ጥግ ይበቅላል። ከሁሉ የሚያሰጋን እሱ ነው። መርዙ ያለው መዥገር በሚመስለው ዝንጉርጉር ፍሬ ውስጥ ነው። ውሻው ሳያኝክ ከዋጠው ጠንካራው ልባስ ሳይፈርስ ሊወጣ ይችላል፤ ካኘከው ግን ጥቂት ፍሬም ሊገድለው ይችላል። ክፋቱ ምልክቱ ይዘገያል፤ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይጀምራል። ስለዚህ «ደህና ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። ተክሉን ሳያፈራ ከነሥሩ ንቀሉት። ካፈራ ዛላውን አስቀድማችሁ ቆርጣችሁ በፌስታል ሰብስቡ፤ ሲደርቅ ፈንድቶ ይበተናል። የጉሎ ፋጉሎ ለማዳበሪያ አታድርጉ፤ ውሻ ምግብ ይመስለዋል።

የቅንጭብ አጥር ስትከረክሙ ውሻውን አስራችሁ ቁርጥራጩን ልቀሙ። ነጭ ወተቱ ዓይኑ ከገባ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ እጠቡት። እናንተም ጓንት አትርሱ።

አስተናግርም መርዛማ ነው፣ ይነቀል።

ቡናም አለ (በጅማ ይህን ማለት ድፍረት ቢሆንም)። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 20 ግራም ገደማ የተፈጨ ቡና ዕረፍት ለመንሳትና ልቡን ለማስሮጥ ይበቃል። አተላውንም ክዳን ባለው ዕቃ ጣሉ።

ውሻው ከበላ አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡ። ለማስታወክ ጨው በጥብጣችሁ አታጠጡት፣ ጨው ራሱ ይመርዘዋል። ወተትም መርዙን አያረክስም። የተክሉን ቅርንጫፍ ይዛችሁ፣ የበላበትን ሰዓትና ክብደቱን ጽፋችሁ ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።